የቤት ገማቿ ቤት

ባለፈው ጥር አንዲት የባንክ ሠራተኛ ቤቴን ልትገምት መጣች። እኔ ራሴ የሰው ቤት ስገምት ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ስምንተኛ ወሬ ነበር። የጡረታ ገንዘብ በርበሬና ሽሮ ገዝቶ ዘይት ጋ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ከጓሮዬ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ልሠራ ብዬ፣ ቤቴን አስይዤ ብድር ጠይቄ ነበር።

ልጅቷ ሰላማዊት ትባላለች። ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተዛወረች ገና ወሯ ነው፣ ማን እንደሆንኩ አታውቅም። ምሳ ደርሶ ነበርና ግቢ፣ ቅመሺ አልኳት። ሥራዬን ሳልጨርስ አልቀምስም፣ እማማ፣ አለችኝና ባለቤቴ ይመር በየዓመቱ ቀለም የሚቀባውን በረንዳ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ ጓሮ ዞረች። መጀመሪያ የጎበኘችው ሽንት ቤቱን ነው። ይመር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይህቺ ልጅ ቤት ልትገምት ነው የመጣችው ወይስ ከጤና ጣቢያ ነው የተላከችው?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ከሳቁ ቀጥሎ ግን ዐይኔን እንባ ሞላው። ያ አካሄድ የኔ ነበር፤ የኔ ከመሆኑ በፊት ደግሞ የጋሽ ሰይድ ነበር።

ባንክ የተቀጠርኩት ደሴ ነው፣ በመዝገብ ቤት። ሁለት ዓመት ፋይል ሳወጣና ስመልስ ኖርኩ፤ ከዚያ ዘመን የማስታውሰው አቧራውንና ማስነጠሴን ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የሕንፃ ንድፍ መማሬን አንድ ኃላፊ ማኅደሬ ላይ አይቶ ኖሮ፣ ሐይቅ ቅርንጫፍ የቤት ገማች ረዳት አድርጎ መደበኝ። ዘመድ አዝማድ «አመልማል ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነው?» እያለ ተሳለቀ። ወጣሁ። በሠላሳ ምናምን ዓመት ውስጥ የወደቅሁት አንዴ ነው፣ እሱም ከጣሪያ አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ጋሽ ሰይድ የሐይቁ አለቃዬ ናቸው። አምባሰል ተወልደው በግንበኝነት ያደጉ፣ በኋላ ባንክ የገቡ ሰው ነበሩ። ከባንክ ሰውነታቸው ይልቅ ግንበኝነታቸው ያይላል። ከኮት ኪሳቸው ቱንቢ አይጠፋም፤ ጫፏ ላይ የብረት ፍሬ ያላት ክር ናት፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱንና መዝመሙን የምትናገር። ቱንቢዋን አንጠልጥለው እስክትረጋ ድረስ የአምባሰልን ቅኝት በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። ቱንቢዋ ረግታ ግድግዳው ሲርቃት ዜማው ድንገት ይቋረጣል። ያን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ምንም ሳይነገረው ይደነግጣል።

ቤት ከጓሮው ይገመታል ይሉኝ ነበር። ሰው ፊት ለፊቱን ለእንግዳ ያሳምራል፣ ጓሮውን ግን እንደ ሆነ ይሁን ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ሽንት ቤቱን፣ የዝናብ ውሃ መውረጃውን፣ ከጎረቤት የሚያዋስነውን ግድግዳ ሳናይ ሳሎን አንገባም። ገብተንም አንቀመጥም። ምሳ ይሁን ሻይ፣ ቆሎም ቢሆን፣ ግምቱ ሳያልቅ ክልክል ነው። «የበላ እጅ ሜትር አይይዝም» ነበር አባባላቸው። ወሎ ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ነውር ነውና ሰው ይቀየመናል። ጋሽ ሰይድ ግን ወረቀታቸውን ፈርመው ከዘጉ በኋላ ተመልሰው ቁጭ ይሉና የሁለት ሰው ያህል ይበሉ ነበር።

የሐይቁ ዳር መሬት ጥቁር አፈር ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ላዩ ላይ ያለውንም ቤት ይዞት ይንቀሳቀሳል። ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ስናገኝ ጋሽ ሰይድ ጀሶ በጥብጠው አንድ ጣት የሚያህል ስንጥቁ ላይ ይለጥፉና ቀኑን በእርሳስ ይጽፉበታል። ከወር በኋላ እንመለሳለን። ጀሶው ደህና ከሆነ ቤቱ ተረጋግቷል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ ገና እየሄደ ነው። ብድር ፈላጊ ለአንድ ጣት ጀሶ ወር ሙሉ ጠብቅ ሲባል ያንገበግበዋል። አንዱማ ጀሶው ሲሰነጠቅበት ፍቆ በአዲስ ተካው። ቀኑን ግን በራሱ የእጅ ጽሑፍ ነበር የጻፈው፤ ጋሽ ሰይድ እርሳሳቸውን አውጥተው ሰጡትና እንደገና እንዲጽፍ ጠየቁት።

የኪራይ ገቢ አሰላልንም ያስተማሩኝ በአንድ የግሸን ጉዳይ ነው። ወደ ግሸን በሚወስደው መንገድ ዳር ቦታ ያለው አንድ ሰው ለግሸን ማርያም ተሳላሚዎች የሚከራዩ አሥር ክፍሎች ልሥራ ብሎ መጣ። መስከረም ሃያ አንድ ሲደርስ አውቶቡሱ ሕዝቡን ያራግፈዋል፣ ማደሪያ ይጠፋል፤ የሰውዬው ሒሳብ በሙሉ በዚያ ሳምንት ላይ የተሠራ ነበር። ለጆሮ ይጥማል፣ ለኔም ጣመኝ። ጋሽ ሰይድ ግን ሐምሌ ላይ ይዘውኝ ሄዱ። ጭቃው መሃል ቆመን ብዙ ጠበቅን፤ ያለፈው አንድ ገበሬ ከሁለት በጎቹ ጋር ብቻ ነው። «በይ፣ እነዚህን አከራዪያቸው» አሉኝ። ሰውዬውን ሦስት ክፍል ብቻ እንዲሠራ፣ የፊተኛውንም ዓመቱን ሙሉ ሱቅ እንዲያደርገው መከሩት። ሱቁ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ የኪራይ ገቢን በደህናው ወር አስልቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ በክፉው ወር ነው።

ከሁሉ የበለጠችው ግን የመጨረሻዋ ልማዳቸው ናት። ግምቱ ሲያልቅ ወደ ቅሬው ዳኛ ይሄዳሉ። ቅሬ እኛ ዘንድ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ሲሞት የሚቀብር፣ ሲቸገር የሚደርስለት የሰፈር ማኅበር ነው፤ ዳኛው የማያውቀው ጓዳ የለም። ጋሽ ሰይድ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ይህን ቤት ማን ሠራው? የማን ነው ብለው አይጠይቁም። «የማን እንደሆነ የማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ይነግረናል። ማን እንደሠራው ግን ካርታው አያውቅም» ይሉኝ ነበር።

ሰባት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ወደ ውጫሌ ተዛወርኩ። ይመር የሐይቅ መምህር ስለነበር ከልጆቹ ጋር ቀረ፤ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣ ነበር። ያሁኑን ቤታችንን የሠራነው በዚያ ዘመን ነው። እኔ ከደመወዜ እያመጣሁ የሠራተኛውን ሒሳብ እዘጋለሁ፣ ይመር ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሥራውን ይቆጣጠራል። ወደ ሐይቅ ስመለስ ጋሽ ሰይድ ጡረታ ወጡና ወንበራቸውን ወረስኩ። በመሰነባበቻው ዕለት ቱንቢያቸውን እጄ ላይ አኖሩልኝ። በዚያ ቀን የኮራሁትን ያህል መቼም ኮርቼ አላውቅም።

ኩራት ጥሩ ነው፣ ሲበዛ ግን ያንሸራትታል። ከዓመታት በኋላ አህመድ የሚባል ሰው ዋናው መንገድ ላይ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አስይዞ ብድር ጠየቀ። ከጓሮው የሚከራዩ ክፍሎች እሠራበታለሁ አለ። ካርታው በስሙ ነው፣ ንጹሕ ነው። ቤቱም የተዋበ ነበር፤ ቱንቢዬ ከግድግዳው ጋር ተስማማች። በዚያ ቀን ሌሎች ሁለት ቤቶች ይጠብቁኝ ነበርና ቸኩያለሁ። በግ አርዶ ነበር፣ ተቀመጥኩ፣ በላሁ። ጣፈጠኝም። ወደ ቅሬው ዳኛ ስሄድ ሰፈሩ በሙሉ ቀብር ወጥቷል። ጋሽ ሰይድ ቢሆኑ በነጋታው ይመለሱ ነበር። እኔ ካርታው ይበቃል ብዬ ፈረምኩ።

አህመድ በብድሩ ክፍል አልሠራበትም፣ ሚኒባስ ገዝቶበት ከሰረ። መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ቤቱን በሐራጅ ሸጠው። ሽያጩ ባለቀ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጥቁር አባያ የለበሰች ሴት ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ዘይነባ ትባላለች፣ የአህመድ እህት ናት። ጅዳ ላይ የሰው ቤት ስታጸዳ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። ቤቱን ያሠራችው እሷ ነበረች። ካርታ ሲወጣ ግን አገር ውስጥ ስላልነበረች በወንድሟ ስም ወጣ፤ እኛ አገር እንዲህ የወጣ ካርታ ስንቱ ነው።

«ያን ቤት የገመቱት አንቱ ነዎት?» አለችኝ።

አዎ አልኳት።

«አፈር ስሆን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ግድግዳውን ለክተዋል፣ ቆርቆሮውን ቆጥረዋል። ማን እንደሠራው የጠየቁት ሰው አለ?»

የለም አልኳት። ሕጉ ከባንኩ ጋር ነበር፣ ፊርማዬም ከሕጉ ጋር። እሷም አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «እንግዲያው የለኩት ድንጋዩን ብቻ ነው» ብላ ወጣች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ከጣሪያ ሳይሆን የወደቅሁት ያልኳችሁ ይህን ነው። ኋላ ቅሬው እህትና ወንድሙን አስታርቋቸዋል፤ ቤቱን ግን እርቅ አልመለሰውም።

በሳምንቱ አምባሰል ወጥቼ ቱንቢዋን ለጋሽ ሰይድ መለስኩላቸው። ያጠፋሁትን ከነበጉ ሥጋ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ቱንቢዋን መልሰው ቦርሳዬ ውስጥ ከተቱት። «አንቺ ያጠፋሽውን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ሥራውን ብትተዪ የሚተካሽ ሰው ግን አያውቀውም፣ እንደገና ያጠፋዋል። ሂጂ፣ ሥሪ።» ተመልሼ ሠራሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የግምት ቅጹ ግርጌ ላይ፣ ቦታ ባይኖረውም፣ በእጄ አንድ መስመር እጨምር ነበር፦ ቤቱን ማን ሠራው? የመሰከረው ማን ነው? አለቆቼ ይህ ምን ይሠራል ይሉ ነበር። ባይሠራም ይቀመጥ እላቸው ነበር።

ዘይነባ ወደ ዐረብ አገር አልተመለሰችም። ገበያው ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሴት ልብስ መሸጥ ያዘች። እንደ እሷ ከስደት የተመለሱ ሴቶችን ሰብስባ እቁብ ጀመረች፤ እቁቡ እያደገ የዘጠኝ ሴቶች ማኅበር ሆነ። ከከተማው በሊዝ ቦታ አገኙና አሥራ ስምንት የሚከራዩ ክፍሎች፣ ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት፣ ሊሠሩ ተነሡ። ያላቸው ጥሪት ግን ከመሠረት አያልፍም። ወደ እኔ ሲመጡ ጡረታዬ አራት ዓመት ቀርቶት ነበር።

«እሜቴ፣ አሁንስ ይጠይቁናል?» አለችኝ ዘይነባ፣ ሳትቀመጥ።

«እጠይቃለሁ» አልኳት። «ተቀመጪ።»

ብድር በወለድ ነው፣ ወለድ ደግሞ ለነሱ ሐራም ነው። ደግነቱ ባንካችን በዚያ ሰሞን የወለድ አልባ አገልግሎት ከፍቷል። በዚህኛው መንገድ ባንኩ ገንዘብ አያበድርም፤ ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ ቆርቆሮውን ራሱ ይገዛና አስቀድሞ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ ይሸጥላቸዋል፣ እነሱ በየወሩ ይከፍላሉ። ሼሆቹም ፈቅደውታል። የቸገረው መያዣው ነው። ደሴ ያለው የብድር ኮሚቴ ፊት ስቀርብ አንደኛው አባል ባዶ መሬትና ዘጠኝ ሴት ዋስትና አይሆንም ብሎ ፋይሉን ዘጋው። እኔ ከፈትኩት። በአንድ ጊዜ ሁሉን አትግዙላቸው አልኩ፤ መጀመሪያ ለአራት ክፍል የሚሆን ዕቃ ግዙ። አራቱ ሲቆሙ ለቀጣዮቹ አራት መያዣ ይሆናሉ፣ ኪራያቸውም መክፈል ይጀምራል። እያንዳንዱን ደረጃ እኔ በአካል አይቼ ካልፈረምኩ ቀጣዩ ዕቃ አይወጣም። ሥራ አስኪያጃችን በጎን ጡረታዎ ደርሷል፣ ለምን ራስዎን ያስቸግራሉ አለኝ። ደግ ልጅ ነው፣ ለኔ ብሎ ነው። ግን ይህ ቢከሽፍ የማኅበሩ መሬት ከነመሠረቱ በሐራጅ ይሄዳል፣ የዘይነባ ላብ ሁለተኛ ጊዜ በኔ ፊርማ ይሸጣል። ይህን እያወቅሁ ነው የፈረምኩት።

ቦታው ጥቁር አፈር ላይ ነበር። ተቋራጩ አንድ ሜትር መቆፈር ይበቃል አለ። ጫማዬን አውልቄ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁና ነጣ ያለው ደረቅ መሬት እስኪገኝ አስቆፈርኩት፤ ከቁመቴ አለፈ። የመሠረቱ ድንጋይ እጥፍ ሆነ። ሴቶቹ የጫኝ ዋጋ ለማዳን ድንጋዩን ራሳቸው ይጭኑና ያወርዱ ጀመር። ከመካከላቸው አንዷ ጅዳ ላይ ፍሪጅ በደረጃ የተሸከምኩ ሴት ይሄ ምን አለበት ስትል ሁሉም ይስቃሉ።

አምስተኛው ክፍል ላይ ቱንቢዬን አንጠለጠልኩ። የአምባሰልን ቅኝት ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት፣ መቼ እንደ ወረስኩት አላውቅም። ቱንቢዋ ረጋች፣ ግድግዳው በሁለት ጣት ራቃት። ግንበኛው ልስን ይሸፍነዋል አለ። እውነቱን ነው፣ ይሸፍነዋል፣ ኮሚቴውም አያውቅም። የሁለት ሳምንት ሥራ ነበርና ለዘይነባ እንዴት እንደምነግራት ጨነቀኝ። ነገርኳት።

«ይፍረስ» አለች፣ ነጠላዋን እያጠበቀች። የመጀመሪያውን ብሎኬት ያነሳችውም እሷ ናት።

ተከራይ ስንመርጥም የሐምሌው ጭቃ አልተረሳኝም። መምህራን ክረምት ሲገባ ወደየአገራቸው ይሄዳሉና ክፍሉ በሙሉ ለነሱ አይሰጥም፤ ግማሹን ለጤና ጣቢያ ነርሶችና ለዓሣ ነጋዴዎች አደረግነው፣ እነሱ ክረምት በጋ አይሉም። የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ልስናቸው ሳይደርቅ ተያዙ። አሥራ ስምንቱም ቆሙ። ማኅበሩ የባንኩን ዋጋ ከቀጠሮው ሰባት ወር ቀድሞ ከፍሎ ጨረሰ። ዘጠኝ ካርታ በዘጠኝ ሴት ስም ከማዘጋጃ ቤት ሲወጣ አብሬያቸው ቆሜ ነበር። እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ የባንክ ሠራተኛ እልል አይልም የሚል ደንብ ካለ ይቅጡኝ።

ለምርቃቱ ጋሽ ሰይድ በምርኩዝ መጡ። ፊት ለፊቱን ትተው በጓሮ ገቡ። አምስተኛውን ክፍል ሲያዩ ማንጎራጎራቸው አልተቋረጠም። ከዚያ ቁጭ ብለው የሁለት ሰው ያህል በሉ። ፋይሉን የዘጋው የኮሚቴ አባልም መጥቶ ነበር፤ ያቺን ግርጌ ላይ የምጽፋትን መስመር ከየት እንዳመጣኋት ጠየቀኝ። ወደ ጋሽ ሰይድ ጠቆምኩት። ጡረታ ልወጣ ስል አዲሱ የግምት ቅጽ፣ ከጓሮ ጀምሩ፣ ሳትጨርሱ አትቅመሱ ከሚል መመሪያ ጋር፣ ከማተሚያ ቤት መጣ፣ መስመሯም ከነጥያቄዋ ታትማበታለች። ከሠላሳ ምናምን ዓመት ሥራዬ አንድ ነገር ይታይልኝ ብባል እሷን ነው የማሳየው።

እንግዲህ ሰላማዊት ጓሮዬን አይታ፣ ጣሪያዬ ላይ ወጥታ፣ ስንጥቅ ብታጣ ቅር ብሏት፣ ወደ ቅሬው ሄደች። የቅሬያችን ጸሐፊ ዛሬ ዘይነባ ናት። ከክፍሎቿ በአንዱ ስለምትኖር ከኛ ሦስት ቤት ብቻ ነው የምትርቀው።

በሳምንቱ ፋይሉ ተመለሰ፣ አልተፈቀደም። ይመር መነጽሩን አድርጎ ግርጌውን አነበበልኝ። ቤቱን ማን ሠራው ለሚለው፦ ወይዘሮ አመልማል በደመወዛቸው፣ አቶ ይመር በድካማቸው። መስካሪ፣ ዘይነባ። ከሥሩ ሰላማዊት በእጇ ጽፋለች፦ ካርታው ላይ ያለው የአቶ ይመር ስም ብቻ ስለሆነ የወይዘሮዋ ስም ሳይገባ ብድሩ አይታይም።

እውነቷን ነው። ካርታው ሲወጣ እኔ ውጫሌ ነበርኩ፣ ለመፈረም አልተገኘሁም። ይመር መነጽሩን አውልቆ ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ስትለኪ ይህን እንዴት አላየሽም አለኝ። ወደ ራሴ ቤት ሁልጊዜ በፊት በር ነበራ የምገባው አልኩት። ይመር ስሜን ያላስገባው ክፋት ኖሮበት አይደለም፣ ማንም ስላልጠየቀው ነው። በማግስቱ ክራቫት አስሮ ማዘጋጃ ቤት ወሰደኝ፣ ሰልፉ ላይም ያገኘውን ሁሉ ባለቤቴን ቤቴ ላስገባ መጥቼ ነው እያለ አሳቀ። ብድሩ ተፈቀደ፣ የክፍሎቹም መሠረት ተቆፈረ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበር። ዘይነባ ያንን ከየት አወቀችው? ቤታችን ሲሠራ ቅሬው ውስጥ አልነበረችም። አዲሱን ካርታ ይዤ ሄድኩና ጠየቅኳት።

«ለሲሚንቶው ከሐይቁ ውሃ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፣ ልጅ ሳለሁ» አለችኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከአውቶቡስ ወርደው የሚከፍሉኝ አንቱ ነበሩ።»

ደጃፏ ላይ ተቀመጥኩ። ከባንኩ ጠረጴዛ ፊት ከቆመችበት ቀን ጀምሮ ታውቀኝ ነበር ማለት ነው። ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም አልኳት።

«ጠይቀውኝ አያውቁማ» አለች። ካርታውን ከእጄ ተቀብላ ስሜ ያለበትን መስመር በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበችልኝ።